የመስከረም ግርሻት

ሐምሌ አንድ ቀን ልቤን ተተኮስኩ። ደሴ ውስጥ የሚባለው እንዲህ ነው። የልብ ቤት ሐኪሞች ይህን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይቋጠራል፤ "የምት ማቃናት" በሉት ይላሉ። ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ሽቦ ልብ ውስጥ ያለውን ረባሽ ቦታ ፈልገው ካቃጠሉት በኋላ ስሙ ምን ቢሆን ምን እንደሚጠቅማቸው እንጃ። ዱሮ የሚተኮሰው ከውጭ በብረት ነበር፣ አሁን ከውስጥ በሽቦ ሆነ።

ያን ዕለት ከእኔ በፊት የተተኮሱት የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ጋሽ አራጋው ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እኔ አርባ ዘጠኝ ነኝ፤ የቅሬው ጸሐፊ ነኝ፤ በሥራዬ ደግሞ ከፒያሳ ተነስቶ ጦሳ ተራራ ላይ የሚወጣውን የገመድ ባቡር ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ቀብሩን የምናስተባብር፣ ሲታመም የምናስጠይቅ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል በመጋረጃ ተለያይተን ስድስት ሰዓት ሙሉ በጀርባችን ተንጋለን ዋልን። እግር ማጠፍ ክልክል ነው። ጋሽ አራጋው አንዴም አላጠፉም። እኔ ሁለቴ አጠፍኩ፣ ሁለቴም ተቆጡኝ።

ስንወጣ ዶክተር ምንታምር ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ነገር ነገሩን። የተቃጠለው ቦታ እስኪጠግግ ድረስ ልብ መረበሹ አይቀርም፤ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም የዱሮው በሽታ የተመለሰ እስኪመስል ድረስ ይሮጣል። እስከ ዘጠና ቀን ይህ ሁሉ አይቆጠርም። ከዘጠና ቀን በኋላ ከመጣ ግን ግርሻት ነው፣ እንደገና መተኮስ ነው። ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። መንጃ ፈቃዴ እስከዚያ ታግዷል፤ በደህና ከጨረስኩ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ የተተኮሰ ሰው ግን አርባ ሰው ገደል ላይ አንጠልጥሎ አይነዳም። አልተኮስም ያለም አይነዳም። የምፈራው ሞትን ሳይሆን ይህን ነበር፤ እውነቱን ልናገር።

የሰጡን ወረቀት ላይ "ዘጠና ቀን" አይልም፤ "ሦስት ወር" ይላል። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ማገገም ምን እንደሚመስል ላላየው ሰው ልንገር። ደረት ላይ የጥፍር ያህል ነገር ይለጠፍልሃል፤ ያ ልጥፍ የሚያየውን ሁሉ የሚያየው ደግሞ "የማገገሚያ ክትትል" ይባላል። ሰው ግን "አብሽር" ይለዋል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚለው እሱን ስለሆነ። ድምፁ እዚሁ ሆጤ የተወለደ የሚመስል፣ የተረጋጋ፣ ለሰው አሳቢ ድምፅ ነው። በሳምንቱ ጠላሁት።

የቤታችን ደረጃ አሥራ አራት ነው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ፣ "አብሽሪ ጦይባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እናርፋለን" ይላል። እናርፋለን ነው የሚለው፤ እሱ ከምን እንደሚያርፍ አይናገርም። ካላረፍኩ የላይኛው በር አይከፈትም። የውሃ ማፍያው ከአንድ ሊትር በላይ ከሞላሁት አይሞቅም፤ ከባድ ዕቃ እንዳላነሳ ነው። የሰፈራችን ሱቅ በር ከሦስት ኪሎ በላይ ይዤ ከሆነ አያስወጣኝም። አንድ ቀን ሦስት ኪሎ ከሩብ ሽንኩርት ይዤ በሩ ፊት ቆምኩ። ሻጩ እኔን እያየ፣ እኔ እሱን እያየሁ፣ አንድ አንድ ራስ ከዘንቢሉ እያወጣሁ መለስኩ። በአምስተኛው ራስ ተከፈተ። ሻጩ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምን አድርጎ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ባሌ እንድሪስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያናግረኝ ስልኩ ላይ ማሳሰቢያ ይደርሰዋል። በሦስተኛው ማሳሰቢያ የጨዋ ጨዋ ሆነ። ሃያ አምስት ዓመት ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ ትሕትናው ከሕመሙ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ጠያቂ በቀን አራት ሰው ነው የተፈቀደው፣ ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት። ቅሬያችን ሰማንያ አባወራ አለው። የሐምሌ ዝናብ እየወረደ ጃንጥላ ይዘው ከጣሪያችን ሥር ይሰለፋሉ፤ አራተኛው ከገባ በኋላ በሩ ይዘጋል። የተረፉት በመስኮት "ዓፊያ ያድርግሽ" ብለው ሦስት ቤት ወርደው ወደ ጋሽ አራጋው ይሄዳሉ፤ እዚያም ሞልቶ ከሆነ ይመለሳሉ። እንዲህ ሲባል ጭቅጭቅ ተነሳ፤ እሷ ዘንድ ሄዶ እኛ ዘንድ አልመጣም፣ እኔ ሁለቴ ተሰልፌ እሱ ተሰልፎ ሳያውቅ ገባ። በመጨረሻ ጋሽ አራጋው አልጋቸው ላይ ሆነው የጠያቂ ተራ አወጡ። ሰማንያውንም አባወራ በቤት ቁጥር ደለደሉ። የገዛ ወንድማቸው ተራ የደረሰው በሃያኛው ቀን ነበር፤ ተራህን ጠብቅ ብለው የመለሱት ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

ከመስኮቴ ገመዱ ይታያል። እኔ የምነዳው ተንጠልጣይ ክፍል አራተኛው ነው፤ በምትኬ የተመደበው ሾፌር ጫፉ ላይ ሲያቆመው ይነቀንቀዋል። በወጣ በወረደ ቁጥር ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል አየዋለሁ፤ ቀስ፣ ቀስ እላለሁ ለራሴ። አብሽር ደግሞ ይሰማኝና ከመስኮቱ ዞር እንድል ይመክረኛል። በጣም ናፈቀኝ። ሥራ ይናፍቃል ቢሉኝ ዱሮ አላምንም ነበር።

ልቤ ነሐሴን አላረፈም። አሥራ ሰባት ጊዜ ሮጠ። አንዳንዴ ተቀምጬ ሳለሁ ደረቴ ውስጥ ዓሣ የሚፈራገጥ ይመስለኛል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አብሽር እያንዳንዱን መዝግቦ "አይቆጠርም" ይላል። ይህችን ቃል ብቻ ወድጄለታለሁ።

መስከረም አንድ ቀን ጠዋት ገና ዓይኔን ስገልጥ፣ "እንኳን አደረሰሽ ጦይባ፤ ሦስቱ ወር በሰላም አለቀ" አለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የውሃ ማፍያው ሁለት ሊትር አፈላ። ደረጃውን ባንድ ትንፋሽ ወረድኩ፤ ሱቅ ሄጄ ለምንም የማይሆነኝን አምስት ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ወጣሁ። እንድሪስ ያን ዕለት ጮኸብኝ፤ ሽንኩርቱን የት እናድርገው ብሎ። ደስ አለኝ። እንዴት እንዲህ ቶሎ አለቀ ብዬ ለአፍታም አልጠየቅኩም፤ ደስ ያለው ሰው አይቆጥርም።

ጋሽ አራጋውም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢያቸው ወጥተው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ለአዲስ ዓመት ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ጠላ ጠምቀው ነበር፤ አንድ ጣሳ ጠጡ።

በማግስቱ ልባቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ሮጠ። የእኔ ልብ ደግሞ መስከረም ሦስት ቀን ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሮጠ፤ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አራት ደቂቃ ነው። ነሐሴ ላይ ከዚህ የባሰ ስንቱን አልፌያለሁ። ገመዱን ይዤ ቆሜ "አይቆጠርም" እስኪል ጠበቅኩ።

"አብሽሪ ጦይባ" አለኝ። "ይህ ግርሻት ነው። ቀጠሮሽ መስከረም አሥራ አራት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተይዟል።"

ከዚያ ምክር ጀመረ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ግርሻት እንደሚበዛ፣ ምክንያቱም የበዓል ሥጋና መጠጥ እንደሆነ፣ ይህም በጥናት የተረጋገጠ መሆኑን ነገረኝ። ለመዝገቡ ስንት ጣሳ እንደጠጣሁ ጠየቀኝ። የቀረበልኝ ምርጫ ከአንድ እስከ ሁለት፣ ከሦስት እስከ አምስት፣ ከአምስት በላይ የሚል ነው። የአባቴም ቤት ሆነ የባሌ ቤት ጠላ ገብቶበት አያውቅም። ምንም አልጠጣሁም ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። በሦስተኛው "ከአንድ እስከ ሁለት" ብሎ መዘገበኝ።

የነገሩ ፍሬ የተገለጠልኝ በማግስቱ ነው። የቅሬው ስብሰባ በየወሩ በአሥራ ሁለት ነው፤ የመስከረሙ ከመድረሱ በፊት ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ማጠቃለል ነበረብኝ። ታምሜ ያልተገኘሁባቸውን ስብሰባዎች "ጸሐፊዋ በሕመም አልተገኘችም" ብዬ መሙላት ያዝኩ። ሐምሌ ሞላሁ። ነሐሴ ሞላሁ። ሌላ የለም። እጄ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሦስት ወር ታምሜ እንዴት ሁለት ስብሰባ ብቻ ያመልጠኛል?

በጣቴ ቆጠርኩ። ሐምሌ ሠላሳ፣ ነሐሴ ሠላሳ፣ ጳጉሜ በዚያ ዓመት አምስት። ስልሳ አምስት። አብሽር ጳጉሜን እንደ ወር ቆጥሯታል። ልቤ የሮጠው በስልሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ዘጠናው የሚሞላው መስከረም ሃያ አምስት ነው። አላገረሸብኝም። ሳቄ መጣ። ይህን ያህል ቀላል ስሕተት ባንድ ጠዋት ይስተካከላል ብዬ ጫማዬን አደረግኩ።

የክትትሉ ቢሮ ፒያሳ ነው። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ሰዓዳ ትባላለች፤ ትዕግሥተኛ ሴት ናት፣ የምላትን ሁሉ በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ስክሪኗን አየች።

"ሐምሌ አንድ፣ ነሐሴ ሁለት፣ ጳጉሜ ሦስት" አለች። "ሦስት ወር ነው፣ እትዬ ጦይባ።"

"ጳጉሜ አምስት ቀን እኮ ናት፣ እህቴ።"

"ናት። ግን ወር ናት።"

"ለደመወዝሽ ጊዜስ?"

"ለደመወዝ ወር አይደለችም" አለችኝ፤ ሳትስቅ። "ለሕክምና ናት።"

ሰዓዳ ከእኔ ጋር ሙሉ በሙሉ ትስማማለች። ስሕተት መሆኑ ለእሷም ታይቷታል። ማስተካከል ግን አትችልም፤ የምታስገባልኝ አቤቱታ ነው። መልሱ በሠላሳ ቀን ይመጣል። ወር ነው ወይስ ቀን ብዬ ጠየቅኳት። ሠላሳ ቀን፣ በቀን ነው የሚቆጠረው አለች። ቀጠሮዬ የዛሬ አሥር ቀን ነው። በቀጠሮው ከሄድኩ ሁለተኛ የተተኮስኩ ሾፌር እሆናለሁ። ካልሄድኩ እምቢ ያልኩ እሆናለሁ። አቤቱታው በኋላ ልክ ናት ቢል ፈቃዱ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ የተሰረዘ ፈቃድ የሚመለስበት ቅጽ እስካሁን አላየችም።

ልወጣ ስል ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠሮ የሚራዘምባቸው ሦስት ምክንያቶች እንዳሉ ነገረችኝ። ትኩሳት፣ እርግዝና፣ ሐዘን። ሐዘን አርባ ቀን ያስፈቅዳል። የሚጠየቀው የቅሬ ማኅተም ያለበት የሞት ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም።

ከዚያው ቢሮ ሆኜ ዶክተር ምንታምርን በስክሪን እንዳነጋግር ሁለት ደቂቃ ተፈቀደልኝ። ዘጠና ቀን መሆኑን ወዲያው አመኑ። ሦስት ወር ብለው የሚጽፉት ቅጹ ከወር ሌላ ስለማይቀበል ነው። የመስከረሙን ግርሻት አነሳሁባቸው። ፊታቸው በራ፤ ጥናቱን የሠሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ ከስምንት ዓመት በፊት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ሁለተኛ የሚተኮሰው ሰው ቁጥር ሦስት እጥፍ ይሆናል። በየገመዱ ጣቢያ የተለጠፈው የበዓል ማስጠንቀቂያ ከዚያ ጥናት የወጣ ነው።

"ከነሱ ውስጥ ስንቱ ክረምት ላይ የታከመ ነበር፣ ዶክተር?" አልኳቸው። "ጳጉሜ በመኻል የገባችበት ስንቱ ነው?"

ዓይናቸው ወደ ጎን ሄደ፤ ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁት። ሁለት ደቂቃዬ አለቀና ስክሪኑ ጠፋ። በማግስቱ መልእክት ላኩልኝ። ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል አቅርበዋል፤ እስኪጣራ ድረስ ቀጠሮዬን እንዳላስተጓጉል ያሳስባሉ። መልእክቱን ለእንድሪስ እየጮኽኩ አነበብኩለት። አብሽር አርፌ እንድቀመጥ መከረኝ። አርፌ ተቀመጥኩ፤ ምን ላድርግ።

መስከረም ስምንት ቀን ወደ ጋሽ አራጋው ቤት ወረድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፣ እትዬ አልጋነሽ አጠገባቸው ምስር ይለቅማሉ። የእሳቸው ቀጠሮ መስከረም አሥራ ሁለት ነው፣ ከእኔ ሁለት ቀን ይቀድማል። አንድ ወረቀት እንዲፈርሙልኝ መምጣቴን ነገርኳቸው፤ የሐዘን ወረቀት።

"ማን ሞተ?" አሉ ደንገጥ ብለው።

ማንም እንዳልሞተ፣ አርባ ቀን እንደሚያስፈልገኝ፣ ለምን እንደሆነም ዘረዘርኩላቸው።

"ታዲያ ማንን ገደልሽ?"

ወረባቦ ያሉትን የአባቴን አክስት አልኳቸው። ጋሽ አራጋው ፈገግ አሉ። አክስቲቱ ከሞቱ አሥር ዓመታቸው ነው፤ ቀብራቸው ላይ ድንኳን ያስተከሉት ራሳቸው ጋሽ አራጋው ናቸው።

"ይህን ማኅተም ሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ፣ ጦይባ" አሉኝ። "ያልሞተ ሰው ገድዬበት አላውቅም። የሞተም ሁለቴ አልገድልም።"

ማኅተሙን ትቼ ስለ ራሳቸው ማውራት ጀመርኩ። እሳቸውም የተተኮሱት ሐምሌ አንድ ነው፤ የእሳቸውም ግርሻት ግርሻት አይደለም፤ ስልሳ ሰባተኛው ቀናቸው ነበር። በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ልክ ነሽ አሉኝ። እንግዲያው አይሂዱ አልኳቸው። እርስዎ መንጃ ፈቃድ የለዎትም፣ ምን ያጣሉ፤ ቀርተው ቤትዎ ይቀመጡ።

"አንቺ አልጠጣሽም" አሉ። "እኔ ጠጥቻለሁ።"

"አንዲት ጣሳ እኮ ናት፣ ጋሼ።"

"አንዲትም ትሁን። ጠየቀኝ፣ አንድ ብዬ መለስኩ። የገዛ ጥፋቴን ትቼ በጳጉሜ ላሳብብ?"

እትዬ አልጋነሽ ከምስሩ ቀና አላሉም። እኔ ግን ተናደድኩ። ያናደደኝ የእሳቸው መሄድ አልነበረም፣ ማኅተሙ ነው፤ ይህን አሁን አውቀዋለሁ። ለማሽን መታዘዝዎን እንጂ ለሰው ማዘንዎን አላየሁም አልኳቸው። ሰባ አንድ ዓመት ላሉ ሰው እንዲህ ብሎ ማውራት ነውር ነው። ጋሽ አራጋው በእጃቸው አጠገባቸው ያለውን ወንበር አሳዩኝ። ቁጭ በይ ያሉኝን ወንበር ሳልነካው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳቸውም። ቀጠሮ ያለበትን ሰው ዋዜማውን ሄዶ ማየት በእኛ ሰፈር ግዴታ ነው፤ መስከረም አሥራ አንድ ቀን የጠያቂው ተራ የእኔ ቤት ቁጥር ላይ ወድቆ ነበር። አልሄድኩም። ቤቴ ተቀምጬ አራተኛው ክፍል ሲወጣና ሲወርድ አየሁ።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ የቅሬው ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባችን አሁንም በሰው አፍ ነው የሚነፋው፤ ስለ እሱ ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶ ሁለቱንም ጊዜ በሰው ይቆይ ተብሏል። አብሽር የልቤ ምት መፍጠኑን ነገረኝ። ነፊው የሟቹን ስም ሲጠራ ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ ሰባተኛው ላይ፣ ክረምቱን እንዳርፍ ያስገድደኝ የነበረው ቦታ።

ሽቦው የልባቸውን ግድግዳ በሳው አሉ። ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው አሉ። ከዶክተሮቹ አንዱ ድንኳን ድረስ መጥቶ ለቅሶ ደረሰ፤ ዶክተር ምንታምር አልነበሩም። ቅሬው ሐዘንተኛውን ተቀበለ፣ ወንበር ደረደረ። ሁሉም በተራው ሆነ፤ ተራ አውጪው ብቻ የሉም።

ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ዳኛ ሲጎድል ማኅተሙ ለጸሐፊው ነው የሚተላለፈው። እትዬ አልጋነሽ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሟች፦ አራጋው ይመር። ዕድሜ፦ ሰባ አንድ። የሞቱበት ቀን፦ መስከረም አሥራ ሁለት። ማኅተሙን አተምኩ፤ ስሜን ከሐዘንተኞቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባሁና ላክሁት። አንድም ሐሰት የለበትም፣ ሁሉም እውነት ነው።

መልሱ ወዲያው ደረሰኝ። "አብሽሪ ጦይባ። ሐዘንሽ ተመዝግቧል። ቀጠሮሽ በአርባ ቀን ተራዝሟል።"

እፎይ አልኩ። አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። ከዚያ ሰው ፊቴን እንዳያይብኝ ሻሼን ወደ ፊት ሳብኩ። ድንኳን ውስጥ ያሉ ሴቶች ለጋሽ አራጋው ያለቀስኩ መስሏቸው ትከሻዬን ያዙኝ። እነሱ ሲይዙኝ በእውነት አለቀስኩ።

መስከረም ሃያ አምስት አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አንድ ጊዜም አልሮጠም። ጥቅምት አራት ቀን የአቤቱታው መልስ መጣ፤ ልክ ሠላሳ ቀኑ ሲሞላ። አቤቱታዬ ተቀባይነት አግኝቷል። ግርሻቱ ከመዝገቤ ተሰርዟል፣ መንጃ ፈቃዴ ተመልሷል። ከሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ የማገገሚያ ጊዜ በቀን ይቆጠራል። እስካሁን የተሰጡ ውሳኔዎች ባሉበት ይጸናሉ። አሥራ አንድ ዓመት ነው ይህ ነገር የቆየው፤ ስንት ሰው እንደሆነ አይልም። የበዓሉ ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ በየጣቢያው እንደተለጠፈ ነው፤ በሥራ የመጀመሪያ ቀኔ ከአራተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ልቀደው ብዬ ከመስታወት በታች ሆኖ እምቢ አለኝ።

የጋሽ አራጋው አርባ የወጣው ጥቅምት ሃያ ሁለት ነው። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ዕቃ እየመለስን እትዬ አልጋነሽ ጓዳ ውስጥ እንስራው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ጠላ የጠመቁበትን እንስራ አፉን በጨርቅ አስረውታል፤ ከመስከረም ወዲህ አልተከፈተም።

"እሱ ቅጂልኝ አላለኝም ነበር" አሉኝ፣ ሳይዞሩ። "ይቅርብኝ ብሎ ነበር። ለዓመቱ አፍህ ላይ አድርገው ብዬ የቀዳሁለት እኔ ነኝ።"

አርባ ቀን ሙሉ ይህን ይዘው ኖረዋል። አብሽር ነግሯቸዋል፣ ማስጠንቀቂያው ነግሯቸዋል፤ ያን ዕለት ደጃፍ ላይ ስንቆጥር ቢሰሙም ባላቸው ጥፋቴ ነው ብለው ሄደዋል። እኔ መልሱን ከተቀበልኩ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖኛል፤ ገመድ ስነዳ ሰንብቼ ሦስት ቤት መውረድ አቅቶኛል። ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም ነበር። ጠላው አይደለም ብላቸው ሸክሙን አወርድላቸዋለሁ፤ ግን ጋሽ አራጋው በከንቱ ሞተዋል ማለት ነው።

እጃቸውን ያዝኩና የእህል ማስቀመጫው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጣታቸውን እያጠፍኩ ቆጠርኩላቸው። ሐምሌ ሠላሳ። ነሐሴ ሠላሳ። ጳጉሜ አምስት። መስከረም አሥራ ሁለት።

"ስንት ሆነ?" አሉ።

"ሰባ ሰባት።"

"ስንት ነበር የተባለው?"

"ዘጠና።"

እትዬ አልጋነሽ የታጠፉ ጣቶቻቸውን አዩ። አሥራ ሦስት ቀን ብቻ ቢጠብቋቸው ኖሮ የሚለውን አላሉም፤ እኔም አላልኩም።

"እንግዲያው ጠላው አይደለም" አሉ።

"አይደለም፣ እትዬ።"

ጣቶቻቸውን ቀስ ብለው ዘረጉና እጃቸውን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

"እስቲ እንደገና ቁጠሪልኝ" አሉኝ።

ከሐምሌ አንድ ጀመርኩ።